ከጫጩቱ በፊት ውሃው፦ ስለ ደምበጫ የዓሣ ኩሬዎች የቀረበ አስተያየት

የአንድ ወረዳ የዓሣ እርባታ ሪፖርት ሲዘጋጅ ከፊት የሚቀመጡት የተቆፈሩ ኩሬዎችና የተሠራጩ ጫጩቶች ብዛት ናቸው። ስለ ኩሬው ውሃ የሚናገር ቁጥር በአብዛኛው አይገኝም። የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ዓሣን ከወተት፣ ከእንቁላልና ከማር ጋር ወደ አርሶ አደሩ ጓሮ ለማስገባት ሲሞክር ይህ ጉድለት ቸል ሊባል አይገባውም። መሬቱን፣ ጉልበቱንና የመኖ ገንዘቡን የሚያወጣው አርሶ አደሩ ነው። ዓሣው በአንድ ሌሊት ሲያልቅበት «በሽታ ገባበት» ተብሎ ከታለፈ፣ ኩሬው የከብት መጠጫ ሆኖ ይቀራል።

ዓሣ ከሚበላው መኖ ናይትሮጅን ወደ ሥጋ የሚለውጠው ከሩብ እስከ ሲሶ ያህሉን ብቻ ነው። የቀረው በስንጥቡ፣ በዓይነ ምድሩና በተራረፈው መኖ አማካይነት ወደ ውሃው ይመለሳል፤ በአብዛኛውም አሞኒያ ይሆናል። አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይትን ደግሞ ጉዳቱ እጅግ አነስተኛ ወደሆነው ናይትሬት የሚለውጡት በኩሬው ወለልና ግድግዳ ላይ ተጣብቀው የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው። እነዚህ በበቂ መጠን እስኪራቡ በሞቃት ውሃ እንኳ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። ፕላስቲክ የለበሰ አዲስ ኩሬ፣ በተግባር ሜዳ ላይ የተቀመጠ ትልቅ ገንዳ ማለት ነው፣ የአፈር ወለል ስለሌለው ባዶነቱ የባሰ ነው። በተሞላ በሳምንቱ ጫጩት ተጨምሮበት ፉሩሽካና ፋጉሎ የሚበተንበት ኩሬ ቆሻሻውን የሚለውጥለት ሳይኖር ሥራ ይጀምራል።

ደምበጫ ላይ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። የጣና ሐይቅ ገጽ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሲሆን ከተማዋ ከ2,000 ሜትር በላይ ትገኛለች። ቆሮሶ በደንብ የሚያድገው ከ27 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሙቀት ባለው ውሃ ነው፤ ከ20 ዲግሪ በታች እድገቱ ይጓተታል፤ ወደ 16 ዲግሪ ሲወርድ መብላቱን ያቆማል ማለት ይቻላል። ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ቀዝቃዛ ሌሊቶች ጥልቀት የሌለው ኩሬ ሙቀቱን ቶሎ ያጣል፤ ባክቴሪያዎቹም አብረው ይደክማሉ። በዚህ ወቅት ለሞቃት አካባቢ በተጻፈ መመሪያ መሠረት መኖን በየዕለቱ መበተን ኩሬውን ከመመረዝ አይለይም። ከፍታው ኦክሲጅንንም ይቀንሳል። 20 ዲግሪ የሆነ ውሃ በባሕር ጠለል ላይ በሊትር 9 ሚሊ ግራም ያህል ኦክሲጅን ሲይዝ፣ በ2,000 ሜትር ላይ የሚይዘው 7 ሚሊ ግራም ገደማ ነው።

በክፍት ኩሬ ውስጥ ዋቅላሚም (አልጌ) አሞኒያን ስለሚወስድ ውሃው አረንጓዴ መሆኑ በራሱ ክፉ ምልክት አይደለም። ሆኖም ቀን ኦክሲጅን የሚሰጠው ዋቅላሚ ሌሊት መልሶ ይወስደዋል፤ ዓሣው ጎሕ ሲቀድ ወደ ላይ ወጥቶ አፉን የሚከፍተው በዚህ ምክንያት ነው። በክረምት ተከታታይ ደመና ሲሆን ዋቅላሚው በአንድ ጊዜ ሊሞት ይችላል፤ ያን ጊዜ ኦክሲጅን ይወርዳል፣ አሞኒያም ይወጣል። ከዚህ በላይ የሚያሳስተው የፒኤች ለውጥ ነው። በ20 ዲግሪ ሙቀት ፒኤች 7 ሲሆን ከጠቅላላው አሞኒያ መርዛማው ክፍል ከመቶ ግማሽ እንኳ አይሞላም፤ ፀሐያማ በሆነ ከሰዓት ፒኤች 9 ሲደርስ ግን ከሩብ ይበልጣል። ጠዋት ብቻ ተለክቶ «ደኅና ነው» የተባለ ውሃ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ገዳይ ሊሆን ይችላል።

የምዕራብ ጎጃም ቀይ አፈር አሲዳማ መሆኑ ለእህል አምራቹ አዲስ ነገር አይደለም፤ ኖራ የሚበተነውም ለዚሁ ነው። ያው ኖራ ለኩሬውም ያስፈልጋል። ባክቴሪያዎቹ አንድ ግራም የአሞኒያ ናይትሮጅን ሲለውጡ ከ4 ግራም በላይ ኦክሲጅን፣ በካልሲየም ካርቦኔት ሲሰላም 7 ግራም ያህል የአልካሊነት ክምችት ይጨርሳሉ። አሲዳማ በሆነ ቦታ ይህ ክምችት ከመነሻው አነስተኛ ስለሆነ ለውጡ መሐል መንገድ ላይ ይቆማል። የእርሻ ኖራ ሲታደል የኩሬ ባለቤቶች በዝርዝሩ ውስጥ አለመታሰባቸው የቅንጅት ጉድለት እንጂ የኖራ እጥረት ብቻ አይደለም።

መለኪያ ውድ ነው የሚለው ተቃውሞ እውነትነት አለው። ነገር ግን ለቀበሌው የልማት ጣቢያ አንድ የአሞኒያ፣ የናይትራይትና የፒኤች መለኪያ ማቅረብ በየጓሮው ከሚሞተው ጫጩት ዋጋ ጋር ሊነጻጸር ይገባዋል። ቴርሞሜትርማ ርካሽ ነው፤ ክንድን እስከ ክርን ውሃ ውስጥ አስገብቶ መዳፍ መታየት አለመታየቱን ማረጋገጥም ገንዘብ አይጠይቅም። ሌላው ልማድ፣ ውሃው ሲሸት ኩሬውን ሙሉ በሙሉ አፍስሶ ግድግዳውን መፈተግ፣ በሳምንታት የተገነባውን የባክቴሪያ ሽፋን ስለሚያጠፋ መቅረት አለበት፤ ከአራት እጅ አንዱን ወይም ከዚያ ያነሰውን መለወጥ ይሻላል። በባሕር ዳርና በሰበታ የሚገኙት የዓሣ ምርምር ማዕከላትም የመኖ መጠንን ከውሃ ሙቀትና ከከፍታ ጋር የሚያዛምድ አጭር ሠንጠረዥ በአማርኛ ቢያዘጋጁ ለልማት ሠራተኛው ትልቅ እገዛ ይሆናል።

ቅደም ተከተሉም ሊቀየር ይገባል። ኩሬው አስቀድሞ ይሞላ፤ ኖራና ጥቂት ፍግ ይጨመርበት፤ ጤናማ ከሆነ አሮጌ ኩሬ አንድ ባልዲ ጭቃ ይደፋበት። ሥራው በየካቲት ቢጀመር ሙቀቱም ያግዛል። አሞኒያውና ናይትራይቱ ለተከታታይ ቀናት ወደ ዜሮ እስካልቀረቡ ድረስ ጫጩቱ ከባሕር ዳር ባይነሳ ይመረጣል።