ባሕርን ደጋ ማውጣት

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። አገሬው ከባሕር ጋር የሚተዋወቀው በጨው በኩል ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከከተማዋ በስተደቡብ በነበረው በስመ ጥሩው ባሶ ገበያ አሞሌ እንደ ገንዘብ ይቆጠር ነበር። አሞሌው ተፈልጦ የሚመጣው ከአፋር ቆላ ነው፤ የዚያ ቆላ ጨው ደግሞ ቀይ ባሕር በጥንት ዘመን ገብቶ ሲደርቅ የተወው ነው። የጎጃም ነጋዴ ሳያውቀው በባሕር ሲገበያይ ኖሯል ማለት ነው።

የአሁኑ ምኞት ከዚያ ያልፋል። በስልኩ ላይ ብርቱካንማና ነጭ ዓሣ በኮራል መካከል ሲሽሎከሎክ ያየ፣ ቤቱ ሰፊ፣ ኪሱም የሞላ ሰው፣ ሳሎኑ ውስጥ የጨው ውሃ አኳሪየም ቢመኝ አይፈረድበትም። የሚፈረድበት ሒሳቡን ሳይሠራ ከጀመረ ነው።

400 ሊትር የሚይዝ ገንዳ እንውሰድ። ውሃው ብቻውን ከአራት ኩንታል ጤፍ ይከብዳል፤ መስተዋቱና ድንጋዩ ገና አልተቆጠረም። የባሕር ውሃ በሊትር 35 ግራም ያህል ጨው ስላለው ለዚህ ገንዳ 14 ኪሎ ጨው ያስፈልጋል። ይህን ከሱቅ በተገዛ የወጥ ጨው እሞላዋለሁ የሚል ካለ፣ ዓሣዎቹን ሳይገዛቸው ገድሏቸዋል። በባሕር ውሃ ካለው ጨው 85 በመቶ ያህሉ ሶዲየምና ክሎራይድ ይሁን እንጂ፣ በቀረው ውስጥ ማግኒዥየም፣ ሰልፌት፣ ካልሲየምና ፖታሲየም አሉበት። ኮራል አካሉን የሚገነባው ከካልሲየሙ ነው። ስለዚህ ለአኳሪየም ተብሎ የተቀመመ ጨው ከውጭ ማስመጣት ግድ ይላል። በየሳምንቱ ከውሃው አንድ አሥረኛው ቢቀየር ደግሞ፣ የመጀመሪያውን ሙሌት ሳይጨምር በዓመት ከ70 ኪሎ በላይ ጨው ይሄዳል። በበጋው ደረቅ ነፋስ የሚተነው ንጹሕ ውሃ ብቻ ነው፤ ጨው ገንዳው ውስጥ ይቀራል። የጎደለውን በጨው ውሃ የሚሞላ ሰው ገንዳውን ቀስ በቀስ ወደ ሙት ባሕር ይለውጠዋል።

ገንዳው ሞልቷል ተብሎም ዓሣ አይጨመርም። የዓሣ እዳሪ አሞኒያ ይሆናል፤ አሞኒያ መርዝ ነው። ድንጋዩና አሸዋው ላይ የሚራቡ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ጉዳቱ ወደሚያንስ ናይትሬት ይቀይሩታል። እነሱ እስኪበዙ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት መጠበቅ ያስፈልጋል። ከዚያም አንድ ሁለት ትናንሽ ዓሣ ገብቶ፣ ውሃው ተመርምሮ፣ ሌላው በየተራ ይከተላል። በአንድ ቀን ደርዘን ዓሣ የሚያስገባ ሰው በሳምንቱ ቀባሪ ነው።

ይህ ሁሉ የትም አገር ያለ ጣጣ ነው። የደብረ ማርቆስ የራሷ ጣጣ አየሩ ነው። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ገደማ ስለሆነ፣ ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ጨው ደግሞ በራሱ ይቀንሰዋል፤ ሙቀትም እንዲሁ። 25 ዲግሪ የሞቀ የባሕር ውሃ ምጽዋ ላይ ቢሆን በሊትር 7 ሚሊግራም የሚጠጋ ኦክስጅን ሊይዝ ይችላል። ደብረ ማርቆስ ላይ ግን ፓምፑ ሌት ተቀን ቢያናፍሰው እንኳ ከ5 ብዙም አያልፍም። የኮራል ሠፈር ዓሣ የለመደው ከዚህ የተሻለ ነው። ስለዚህ በምጽዋ አሥር ዓሣ የሚችል ገንዳ እዚህ ያን ያህል አይችልም። ጥቂት ማስገባት፣ ትንሽ መቀለብ፣ የውሃውን ገጽ ያለማቋረጥ ማናወጥ፤ መፍትሔው ይኸው ነው፤ ርካሽ ግን አይደለም።

መብራት ሲጠፋስ? የከተማዋ አማካይ ሙቀት ከ16 ዲግሪ ብዙም አይርቅም፤ ዓሣው የሚፈልገው 25 ነው። ብዙ ሰው የሚፈራው ብርዱን ነው፤ ይሁንና 400 ሊትር ውሃ ለመቀዝቀዝ ሰዓታት ይፈልጋል። ቀድሞ የሚገድለው ፓምፑ ሲቆም የሚያልቀው ኦክስጅን ነው፤ ባክቴሪያዎቹም አብረው ይታፈናሉ። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ሳይገዛ ገንዳ የሚገዛ ሰው፣ ኮርቻ ሳይኖረው በቅሎ እንደመጫን ያህል ተቻኩሏል።

ሌላም ነገር አለ። ለገበያ የሚቀርበው የባሕር ዓሣ አብዛኛው ከዱር የተያዘ ነው። ፊሊፒንስ ውስጥ ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አጥማጆች ሳያናይድ እየረጩ ዓሣ ሲያደነዝዙ ኮራሉም አብሮ ሲሞት ኖሯል። ሕፃናት በፊልም «ኔሞ» ብለው የሚያውቁት ዓሣ በማርቢያ ስለሚፈለፈል ከሁሉ የተሻለው ምርጫ እሱ ነው።

የዚህ ዓምድ ፍርድ እንግዲህ ግልጽ ነው፤ ለደብረ ማርቆስ ሳሎን የባሕር ገንዳ አይመከርም። ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ ጥበብ የሚያስፈልጋቸው የጨው ውሃ ዓሣዎች በአገራችን አሉ።

አፍዴራ ሐይቅ ከባሕር ወለል በታች 100 ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ አፋር ውስጥ ይገኛል። የኢትዮጵያ የገበታ ጨው አብዛኛው የሚመጣው ከዚያ ነው። የሐይቁ ውሃ በሰፋፊ መደቦች ላይ እየተለቀቀ በፀሐይ ይተናል፤ የቀረው ጨው ወደየጓዳችን ይጓዛል። በሐይቁ ዳር በሚፈልቁት ፍልውሃዎች ግን በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኙ ሁለት ትናንሽ ዓሣዎች ይኖራሉ። አንዷ የቆሮሶ ዘመድ ናት፤ ዳናኪሊያ ፍራንኬቲ ትባላለች። ሁለተኛዋን ፕሮፌሰር አበበ ጌታሁን ከአሜሪካዊው ኬኔት ላዛራ ጋር እ.ኤ.አ. በ2001 ለሳይንስ አስተዋውቀዋታል። መኖሪያቸው አንድ ሐይቅ ብቻ ስለሆነ እሱ ከተበላሸ ሁለቱም አበቃላቸው።

አሜሪካ ውስጥ በኔቫዳ በረሃ በአንዲት የጉድጓድ ውሃ ብቻ የምትኖር ትንሽ ዓሣ ቁጥሯ እ.ኤ.አ. በ2013 ወደ 35 ወርዶ ነበር፤ አገሪቱም የጉድጓዱን አምሳያ ትልቅ ገንዳ ሠርታ መጠባበቂያ መንጋ አቆየችላት። ለአፍዴራ ዓሣዎችም እንዲህ ያለ ገንዳ ያስፈልጋል፤ ከሳሎን ይልቅ በዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ቢቆም ይሻላል። ሞቃትና ጨዋማ ውሃ ኦክስጅን የመያዝ አቅሙ ዝቅተኛ ስለሆነ፣ ከኮራል ሠፈር ዓሣ ይልቅ እነዚህ የደጋውን አየር ሳይችሉት አይቀሩም። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የባሕር ዳርን የዓሣ ተመራማሪዎች አማክሮ፣ ከኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ጠይቆ ቢጀምረው ምን ይለዋል? የባሕር ገንዳ ለመግዛት ገንዘብ ያዘጋጀ የከተማዋ ባለሀብትም ለዚሁ ሥራ ጀኔሬተር ቢገዛ ይመሰገናል።