የእባብ ቤት በፕላስተር የምታሽጉ ሰዎች፣ ኧረ ተዉ!

ዛሬ ስለ እባብ ነው የምጽፈው። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» በሚባልበት አገር ተቀምጬ ስለ እባብ ቤት አየር ስከራከር መሳቅ የፈለገ ይሳቅ፤ ስቆ ሲጨርስ ግን ያንብብ። ውጭ ያላችሁ፣ በተለይ አሜሪካ ያላችሁ አንዳንድ ልጆቼ ቦል ፓይተን የሚባለውን እባብ ቤታችሁ ማሳደግ ጀምራችኋል። ጥሩ፣ የናንተ ጉዳይ ነው። ግን በአማርኛ ቪዲዮ እየሠራ የሚመክራችሁ ሰው አግኝታችኋል፤ እሱ ምክር ደግሞ እንስሳውን እያሳመመው ነው።

ሚኒሶታ ያለ አንድ ተማሪዬ የነበረ ልጅ በቅርቡ ፎቶ ላከልኝ። የመስታወት ሳጥን ነው። ከላይ ያለው የሽቦ ወንፊት ክዳን በላስቲክ ተሸፍኖ ዙሪያውን በፕላስተር ታሽጓል። ጎኑ ላይ ያሉት ቀዳዳዎችም ተደፍነዋል። መስታወቱ ከውስጥ አልቦታል፣ ጥጉ ላይ ነጭ ሻጋታ ይታያል። እባቡ አንገቱን ወደ ላይ ቀጥ አድርጎ አፉን ከፍቷል። ከስሩ፦ «ቲቸር፣ እርጥበቱ 85 ነው፣ አሪፍ ነው፤ ግን ለምንድነው አፉን የሚከፍተው?»

አፉን የሚከፍተው መተንፈስ አቅቶት ነው፣ የኔ ልጅ።

እባብ እንደኛ ዲያፍራም የለውም። ሳንባው ውስጥ አክታ ሲጠራቀምበት እንደኛ ስሎ ማስወጣት አይችልም። ስለዚህ አንገቱን ያቀናል፣ አፉን ይከፍታል፣ አፍንጫው ላይ አረፋ ያወጣል፣ ሲተነፍስም የፉጨት ዓይነት ድምፅ ይሰማል። ይህን ያየ ሰው ኮሜንት ላይ አይጠይቅም፤ ተሳቢ እንስሳትን የሚያክም ሐኪም ጋ ይወስደዋል። ልጁም ወስዶታል። በነገራችን ላይ የሳንባ ሕመም ሁሉ ከአየር እጦት ይመጣል እያልኩ አይደለም። በ2014 ቦል ፓይተን ላይ የተገኘ ኒዶቫይረስ የሚባል ቫይረስ አለ፣ ቅዝቃዜም ያሳምማል። ግን በታፈነ፣ በረጠበና በሻገተ ሳጥን ውስጥ ያለ እባብ፣ ባክቴሪያና ሻጋታ ድግስ የተደገሰላቸው ቤት ውስጥ ነው ያለው። የሆዱ ቅርፊትም ሁልጊዜ እርጥብ ላይ ሲተኛ ያብጣል፣ ውሃ ይቋጥራል፣ ይበሰብሳል።

ባለ ቪዲዮው ወንድማችን (ስሙን አልጠራም፣ ጉዳዬ ከምክሩ ጋር ነው) የሚለው ባጭሩ፣ እርጥበት የሚሰርቀው ቀዳዳ ነው፣ ስለዚህ ቀዳዳ ድፈኑ ነው። ይሄ ምክር ለምን ብዙ ሰው ጋ እንደሚገባ ይገባኛል። ታክሲ ውስጥ 12 ሰው ተጨናንቀን፣ አንዱ እየሳለ፣ መስኮት የከፈተ ሰው «ዝጋው፣ ንፋስ ይመታናል» ተብሎ የሚሰደብበት አገር ልጆች ነን። አየር ጠላት ነው ብለን ነው ያደግነው። ሚኒሶታ ድረስ ይዘነው ሄድን።

አሁን ወደ ትምህርታችን። ሰሌዳ ላይ ስጽፍላችሁ ስታንቀላፉ የነበራችሁ አሁን ንቁ። መለኪያው ላይ የምታዩት በመቶ፣ አየሩ ውስጥ ያለው የውሃ መጠን አይደለም። አየሩ በዚያ ሙቀት መያዝ ከሚችለው ውስጥ ስንቱን እንደያዘ ነው የሚነግራችሁ። በ20 ዲግሪ አንድ ሜትር ኩብ አየር ቢበዛ 17 ግራም ገደማ የውሃ ተን ይይዛል። በ30 ዲግሪ 30 ግራም ገደማ። እንግዲህ በ20 ዲግሪ 60 በመቶ የሚል አየር 10 ግራም ያህል ተን አለው ማለት ነው። ያንኑ አየር አምፖል ስር ወስዳችሁ 30 ዲግሪ ብታሞቁት መለኪያው 33 በመቶ ይላችኋል። አንዲት ጠብታ ውሃ አልጠፋም! ማንም አልሰረቀም! ሙቀቱ ነው የተቀየረው። መለኪያውን አምፖሉ ስር ሰቅሎ «ደረቀብኝ» ብሎ ፕላስተር የሚያመጣ ሰው በምን ምክንያት እንደሚያሽግ እንኳ አያውቅም።

የሚኒሶታ ክረምት እውነት ከባድ ነው፣ አልክድም። ውጭ 10 ዲግሪ ከዜሮ በታች ሲሆን አየሩ ቢጠግብ እንኳ በሜትር ኩብ 2 ግራም ትንሽ ቢያልፍ ነው። ያ አየር ቤት ገብቶ 22 ዲግሪ ሲሞቅ ከሰው ትንፋሽ፣ ከማብሰልና ከሻወር የሚጨመረውን ሳንቆጥር 12 በመቶ ገደማ ነው። ከንፈራችሁ የሚሰነጠቀውም ለዚሁ ነው። እንዲህ ባለ ቤት እባብ ቆዳውን ሲለውጥ ይቸገራል፤ ቆዳው በአንድ ወጥቶ እንደ ካልሲ መገልበጥ ሲገባው እየተቆራረጠ ይቀራል፣ ዓይኑ ላይ ያለው ክዳንም ሳይወልቅ ይቀራል። ስለዚህ እርጥበት አያስፈልግም ያለ የለም። ጥያቄው እርጥበቱ ከየት ይምጣ ነው።

ከታች ይምጣ! እንስሳው አገሩ ላይ እንዴት እንደሚኖር እዩ እስኪ። ቦል ፓይተን የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ እባብ ነው፤ ለገበያ በብዛት የሚወጣውም ከጋና፣ ከቶጎና ከቤኒን ነው። አንዳንዱ ሰው አፍሪካ ሲባል ሁልጊዜ ጭጋግ የለበሰ ጥቅጥቅ ደን ነው መሰለኝ የሚታየው። ይሄ እባብ ግን በብዛት የሣር ምድር ነዋሪ ነው። ወራት የሚቆይ በጋ አለ፣ ከሰሃራ በኩል ሃርማታን የሚሉት ደረቅ ነፋስ ይነፍሳል። ታዲያ እንዴት አልደረቀም? ቀኑን የሚያሳልፈው የአይጥ ጉድጓድና ኩይሳ ውስጥ ነዋ። እርጥበቱን አፈሩ ይዞለታል፤ አየሩ ደግሞ በጉድጓዱ አፍና በስንጥቁ ይመላለሳል። ሁለቱ አይጣሉም። ጉድጓዱን ማንም በላስቲክ አልደፈነውም።

ከዚህ በላይ ምሳሌ ለሚፈልግ፣ እናቱን ይጠይቅ። ትኩስ እንጀራ በፌስታል ቋጥራ የምታስቀምጥ እናት አለች? የለችም። ላቡ ይወርድበታል፣ በማግስቱ ይላቆጣል፣ ከዚያ ይሻግታል። መሶብ የሚሰፋው ከስንደዶና ከአክርማ ነው፤ እንጀራው ሳይደርቅም ሳይታፈንም ይቆያል። እናቶቻችን ያለ መለኪያ የሚያውቁትን ነገር ዘመናዊ አሳዳጊ ነን የምንል ሰዎች ረሳነው።

ምን እናድርግ ለምትሉ። ጉዝጓዙን አወፍሩት። ጋዜጣ አንጥፎ እርጥበት መጠበቅ ቀልድ ነው። የኮኮናት ልጣጭ ፍርፋሪ ዓይነት ውሃ የሚይዝ ነገር፣ ቢያንስ አንድ ስንዝር ግማሽ ያህል ጥልቀት። ውሃውን ከላይ በመርጫ ፊስ ፊስ ከማድረግ ጥጎቹ ላይ በቀስታ አፍስሱት፤ ወደ ታች ይሰርጋል፣ ላዩ ደረቅ ሆኖ ይቆያል፣ ተኑ ቀስ እያለ ይወጣል። በመርጫ የሚረጭ እርጥበት መለኪያውን ለግማሽ ሰዓት ያስደስተዋል፣ ከዚያ ይጠፋል፤ እናንተም ሥራ ውላችሁ ስትመለሱ ቀዳዳውን ትከሳላችሁ። አንድ መደበቂያ ውስጥ ሞስ የሚባለውን እንደ ስፖንጅ ውሃ የሚይዝ ተክል አርጥባችሁ አስቀምጡለት። ዓይኑ ደመና ሲለብስ፣ ማለትም ቆዳ ሊለውጥ ሲል፣ ራሱ ይገባል። ሲበቃው ይወጣል። ሳጥኑን ሙሉ 85 ስታደርጉት ግን የሚወጣበት ቦታ የለውም፤ ምርጫውን ነው የቀማችሁት።

ቀዳዳውስ? ሞቃት አየር ወደ ላይ ይወጣል፣ ይሄን እንኳ አትረሱም። በቀዝቃዛው ጎን ዝቅ ያለ ቀዳዳ፣ በሞቃቱ ጎን ከፍ ያለ ቀዳዳ ካለ አየሩ ያለ ምንም ማሽን ራሱን ይለውጣል። ክዳኑ ሙሉ ወንፊት ከሆነና ቤቱ በጣም ደረቅ ከሆነ የተወሰነውን መሸፈን ትችላላችሁ፤ እኔም አልቃወምም። ከአምፖሉ ግን አርቁት፣ እሳት እንዳታስነሱ። መስታወቱ ጠዋት ትንሽ ጤዛ ይዞ ከሰዓት ከደረቀ ችግር የለውም። ሌት ተቀን የሚያልበው ከሆነ በዝቷል። ክዳኑን ስትከፍቱ ደግሞ አፍንጫችሁን ተጠቀሙ፤ ዝናብ የነካው አፈር ሽታ ጥሩ ነው፣ የምድር ቤት ሽታ መጥፎ ነው።

ይህን ስል ኮሜንት ላይ ምን እንደምባል አውቃለሁ፤ በውስጥ መስመር ተብያለሁም። «ዲፕሎማ ያለው፣ እባብ ነክቶ የማያውቅ አስተማሪ ምን አገባው?» እውነት ነው፣ ዲፕሎማ ነው ያለኝ፣ እባብም አላሳድግም፣ ወደፊትም አላስብም። የውሃ ተን ግን የትምህርት ማስረጃ አይጠይቅም። «አምስት ዓመት አሽጌ አሳድጌያለሁ፣ አንድም አልሞተብኝም» ላልከው ወንድሜ ደግሞ፦ እባብ አይጮህም፣ አያነክስም፣ አይስልም። ታሞ ለወራት ይቆያል። አለመሞቱ ብቻ ደህና መሆኑን የሚነግርህ ከሆነ መለኪያህ በጣም ረክሷል።

ስለ መለኪያ ካነሳን፣ ብዙዎቻችሁ የምትጨቃጨቁበት 85 ራሱ እውነት ላይሆን ይችላል። ከሳጥኑ ጋር የሚሸጡት ባለ ቀስት መለኪያዎች ብዙዎቹ በጣም ይሳሳታሉ። ላቦራቶሪ አያስፈልጋችሁም፣ ወጥ ቤት ይበቃል። በለስላሳ ቆርኪ የገበታ ጨው ሙሉ፣ ጥቂት ጠብታ ውሃ ጨምሩ፤ ጨው ሟሙቶ ያልቅ ሳይሆን እርጥብ ሊጥ መሰል ይሁን። ቆርኪውንና መለኪያውን በሚታሸግ ላስቲክ ውስጥ አድርጉና (እዚህ ጋ ማሸግ ይፈቀዳል!) ክፍል ውስጥ ለአንድ ቀን ተዉት። እርጥብ ጨው በላዩ ያለውን አየር 75 በመቶ ላይ ያቆመዋል። መለኪያው 75 ካለ ደህና። 60 ካለ ወይ 90 ካለ፣ እስከዛሬ የሠራችሁት ሁሉ በተሳሳተ ቁጥር ነው።

አገር ቤት ሆናችሁ ይህን አንብባችሁ «እኔም ከሜዳ አንድ ልያዝ» ያላችሁ ልጆች፣ እንዳላያችሁ! የዱር እንስሳ በዱር ይኑር፤ መርዛም የሆነውን ካልሆነው የምትለዩም አይመስለኝም። የፈተና ወረቀታችሁን አርሜያለሁ፣ አውቃችኋለሁ።

እባብ ያላችሁ ደግሞ የጨው ሙከራውን ዛሬ ማታ ጀምሩና ነገ ቁጥሩን በፎቶ ኮሜንት ላይ አስቀምጡልኝ። ባለ ቪዲዮውን ወንድማችንንም ታግ አድርጉት፣ የሱን መለኪያ ውጤት በጣም ማየት እፈልጋለሁ።