ካርታው በማን ስም ነው?

«ነጻ ከያኒ» የሚለው ስያሜ በዘመናችን ከመጠን በላይ ረክሷል። አሳታሚ ያጣ ሁሉ ነጻ ነኝ ይላል፤ ስፖንሰር ያገኘውም ነጻ ነኝ ማለቱን አይተውም። እኔ ቀን በባንክ መስኮት ተቀምጬ የሰው ገንዘብ ስቆጥር የምውል፣ ማታ ማታ ስንኝ የምቋጥር ሰው ነኝና ነገሩን የማየው በሁለት ዓይን ነው። የገጣሚው ዓይኔ ነጻነትን በመንፈስ ዓለም ይፈልጋታል። የባንክ ሠራተኛው ዓይኔ ግን አንድ ጥያቄ ብቻ ያውቃል፤ ካርታው በማን ስም ነው? በቤቱ ውስጥ የሚኖር ሁሉ የቤቱ ባለቤት አለመሆኑን መዝገብ አስተምሮኛል።

ለዚህ ጥያቄ ካየኋቸው መልሶች ሁሉ ጥርት ያለውን ያገኘሁት ከካናዳዊቷ የኬልቲክ ሙዚቃ ድምፃዊትና ሃርፕ ደርዳሪ ከሎሪና ማኬኒት ሕይወት ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሎሪና በ1957 ሞርደን በምትባል የማኒቶባ የገበሬ ከተማ ተወለደች። አባቷ የከብት ነጋዴ፣ እናቷ ነርስ ነበሩ። የልጅነት ሐሳቧ የእንስሳት ሐኪም መሆን ነበር። ዊኒፔግ ስትገባ ግን የባሕል ሙዚቃ ወዳጆች ከሚሰበሰቡበት ክበብ ተቀላቀለች፤ የብሬቶኑን የሃርፕ ሊቅ የአለን ስቲቬልን ሸክላም ሰማች። በ1981 በሼክስፒር የቴአትር ፌስቲቫሏ ወደምትታወቀው የኦንታሪዮ ከተማ ወደ ስትራትፎርድ ሄደች። እስከ ዛሬም ከዚያች ከተማ ጋር ነች።

አንዳንድ ጓደኞቼ መሣሪያዋን «በገና» ብለው ሲጠሩ እሰማለሁ። ቃሉ ደስ ይለኛል፤ ነገሩ ግን ሌላ ነው። የእኛ በገና ሁለት ምሰሶና ቀንበር ያለው፣ ዐሥር አውታሩ በእንዚራው ላይ እየነዘረ የሚያጉረመርም የጸሎት ዕቃ ነው። ሃርፕ ግን አውታሮቹ ከድምፅ ሳጥኑ ሽቅብ ወደ አንገቱ የተዘረጉ፣ ድምፁም እንደ ውኃ ጠብታ የጠራ ነው። ስለዚህ ሃርፕን ሃርፕ እላለሁ።

በ1985 ሎሪና «ኤሌመንታል» የተሰኘ የመጀመሪያ አልበሟን በአንድ ሳምንት ውስጥ ቀረጸች። ከዚያ አስቀድሞ ስለ ሙዚቃ አሳታሚነት አንድ ተግባራዊ መጽሐፍ አግኝታ ነበር፤ የራስን ሙዚቃ እንዴት ቀርጾ እንደሚሸጡ የሚያስተምር ነው። እንደ ጸሎት መጽሐፍ አነበበችውና ኩዊንላን ሮድ የተባለ የራሷን ኩባንያ አቋቋመች። ከዚያም ሃርፗን ይዛ ቶሮንቶ በሚገኘው በሴንት ሎውረንስ ገበያ በር ላይ ቆመች። አላፊ አግዳሚው ቲማቲምና አይብ ገዝቶ ሲወጣ ይሰማታል፤ የወደደ ካሴት ይገዛል፤ ርቆ የሚኖር በፖስታ ያዛል። ሁለተኛው አልበም በ1987፣ ሦስተኛው በ1989 ወጣ። ሁለተኛው አንዳንዱ ክፍል በአየርላንድ ግሌንስታል ገዳም ውስጥ የተቀዳ ነው፤ የድንጋዩ ግድግዳ ድምፁን ሲመልሰው ይሰማል። በዚህ ሁሉ ዘመን ውስጥ ትልቅ ኩባንያ የሚባል በታሪኩ ውስጥ የለም።

እኔ የምቆመው እዚህ ላይ ነው። አብዛኞቹ ስለ እርሷ የሚጽፉ ሰዎች እነዚህን ስድስት ዓመታት እንደ መከራ ዘመን አልፈዋቸው ወደ ዝናው ይሮጣሉ። ለእኔ ግን ዋናው ነገር የተፈጸመው በእነዚያ ዓመታት ነው። በ1991 ዋርነር የተባለው ግዙፍ ድርጅት የካናዳ ክንፍ ለሥራ ሲቀርባት በእጇ ሦስት አልበም፣ በስሟ አንድ ኩባንያ፣ በሯ ላይም አስቀድሞ የሚያውቃት ገዢ ነበራት። ባዶ እጁን የሚደራደርና መያዣ ይዞ የሚደራደር እንዴት እንደሚለያዩ በየቀኑ ከመስኮቴ ማዶ አየዋለሁ፤ ድምፃቸው እንኳ አንድ አይደለም። ሎሪና ለዋርነር የማባዛትና የማከፋፈል ፈቃድ ሰጠችው። የቀረጻዎቹ ባለቤትነት ግን በኩዊንላን ሮድ ስም ቀረ። በእኛ አነጋገር፣ ቤቱን አከራየች እንጂ ካርታውን አልሸጠችም።

ይህን የምጽፈው ለጨዋታ አይደለም። በመሳቢያዬ ውስጥ አንድ የውል ረቂቅ አለ። ግጥሞቼን አሳትማለሁ ያለ አንድ ነጋዴ የላከልኝ ነው። የማተሚያ ቤቱን ወጪ በሙሉ ይሸፍናል፤ በምትኩ የሚፈልገው በአራተኛው አንቀጽ ያለችውን አንዲት መስመር ነው፦ «በማናቸውም መልክና ለዘለቄታው»። የአገራችን የቅጂ መብት አዋጅ፣ ቁጥር 410/1996 ዓ.ም.፣ የአንድ ደራሲን ሥራ ደራሲው ከሞተ በኋላ እንኳ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ያቺ መስመር ደግሞ አዋጁ ለልጆቼ ያቆየላቸውን በአንድ ፊርማ ለነጋዴው ታስረክባለች። ጓደኞቼ «ፈርምና ተገላገል፤ ወይስ መጽሐፍህን በብብትህ ይዘህ በየቢሮው ልትዞር ነው?» ይሉኛል። በራሱ ገንዘብ አሳትሞ በየቢሮው ያልዞረ ገጣሚ በመካከላችን ስንት ነው? ሴትዮዋም በገበያ በር ላይ ቆማለች እላቸዋለሁ። «እርሷ ካናዳ ናት» ይላሉ። እውነት አላቸው፤ ፖስታው የሚደርስ፣ ቋንቋው በዓለም የሚሰማ፣ ገበያተኛውም ካሴት መግዣ ከቲማቲሙ የሚተርፈው አገር ነው። ይህን አልክድም። ነገር ግን ያቺን መስመር ለመሰረዝ ካናዳዊ መሆን አያስፈልግም፤ እስክሪብቶ ይበቃል። «ለአምስት ዓመት» ብዬ ጽፌ ልመልስለት ወስኛለሁ። ነጋዴው ይተወው ይሆናል። ይተወው።

ባለቤትነት ለጥበቡ ራሱ ምን እንደሚያደርግ ማየት የሚሻ በ1991 የወጣውን «ዘ ቪዚት» የተሰኘ አልበሟን ይስማ። በውስጡ የቴኒሰንን «የሻሎት እመቤት» አዚማለች፤ ዘፈኑ ከ11 ደቂቃ በላይ ይፈጃል። ሬዲዮ ሦስት ደቂቃ ተኩል በሚጠይቅበት ዘመን 11 ደቂቃ ግጥም! ደመወዝ የሚከፈለው የኩባንያ ሰው ይህን ቢያይ መቀሱን አንስቶ ይመጣ ነበር። ከዚያም በኋላ በ1994ቱ «ዘ ማስክ ኤንድ ሚረር» የስፔናዊውን መነኩሴ የቅዱስ ዮሐንስ ዘመስቀልን ግጥም፣ በ1997ቱ «ዘ ቡክ ኦቭ ሲክሬትስ» የአልፍሬድ ኖይስን ረጅም የሽፍታ ትረካ ወሰደች። ግጥም ለዜማ ሲሰጥ ብዙ ጊዜ ይሞታል፤ ዜማው ቤት መምቻውን ይበላዋል፣ ትርጉሙም ከስሩ ይቀራል። እርሷ ግን ዜማውን ዝቅ አድርጋ ግጥሙን ታስቀድማለች፤ ተመሳሳይ የዜማ አካሄድ እየደጋገመች ታሪኩ እንዲራመድ ትፈቅድለታለች። የእኛ አዝማሪ ረጅም ተረክ ሲይዝ የሚያደርገውም ይህንኑ ነው። እንዲህ ያለው ትዕግሥት በሌላ ሰው ገንዘብ አይገኝም።

«ኬልቲክ» ስለሚለው ቃል አንድ ነገር ልጨምር፤ የአየርላንድ ጭፈራ ብቻ የሚመስላቸው አሉና። ሎሪና በ1991 በቬኒስ የቀረበ አንድ ታላቅ የኬልቶች ኤግዚቢሽን ተመለከተች። ሕዝቡ በደሴቶቹ ብቻ ሳይወሰን በመካከለኛው አውሮፓ አልፎ እስከ ታናሽ እስያ መድረሱን የተገነዘበችው በዚያ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ «ወደ ገላትያ ሰዎች» ብሎ የጻፈላቸው ገላትያውያን ስማቸውን የወረሱት ከእነዚሁ ፈላሾች ነው። ከዚያ ወዲህ ሙዚቃዋ ውስጥ የስፔን፣ የሞሮኮና የቱርክ መሣሪያዎች ገቡ። ለአንዳንዱ ጥንቃቄ የጎደለው ቅልቅል መስሎታል፤ አንዳንድ ጊዜ እኔም የቱሪስት ሽታ ይሸተኛል። ይሁንና መንገዱን የመረጠችው ራሷ ናት፤ ገበያው አላዘዛትም።

በ1997 የወጣው አልበም በ1998 ዓለምን አጥለቀለቀ። በአዲስ ምት የተቀናበረው «ዘ ማመርስ ዳንስ» በአሜሪካ የዘፈን ሠንጠረዥ ከመጀመሪያዎቹ 20 ውስጥ ገባ። በዚያው ዓመት በሐምሌ እጮኛዋ፣ የእጮኛዋ ወንድምና ጓደኛቸው በጆርጂያን ቤይ በጀልባ አደጋ ሰጥመው ሞቱ።

ዝና ጫፍ ላይ ያለ ዘፋኝ በውል የታሰረ ቢሆን ምን ይደረግ እንደነበር እናውቃለን፤ ቀጣዩ አልበም የሚጠበቅበት ቀን ይደርሳል፣ ኀዘኑም ማስታወቂያ ይሆናል። ሎሪና ዝም አለች። ቀጣዩ አዲስ የስቱዲዮ ሥራዋ፣ «ኤን ኤንሸንት ሚውዝ»፣ የወጣው በ2006 ነው። በመካከሉ፣ በ1999፣ ከአደጋው በፊት በፓሪስና በቶሮንቶ የቀረጸችውን የመድረክ አልበም አወጣች፤ ገቢውንም በሟቾቹ ስም ላቋቋመችው የውኃ ላይ ደኅንነት ፈንድ ሰጠች። ገቢው በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር ነው። በስትራትፎርድ አንድ አሮጌ ትምህርት ቤት ገዝታ የቤተሰብ ማዕከል አደረገችው። የራስ ያልሆነ ገንዘብ አይሰጥም፤ የራስ ያልሆነ ጊዜም ዝም አይባልበትም። ይህን እንደ ባንክ ሠራተኛ ነው የምናገረው።

አድናቂዎቿን በተመለከተ ነገሩ ይወሳሰባል። በ2005 የቀድሞ ወዳጇ የነበረች ሴት ስለ እርሷ የግል ሕይወት መጽሐፍ አወጣች። ሎሪና ከሰሰች። የለንደኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፈረደላት፤ በ2006 ይግባኝ ሰሚውም ፍርዱን አጸና። ተቃዋሚዎቹ «ስለ ኀዘኗ ራሷ በአደባባይ ተናግራለችና ምሥጢር የለውም» ብለው ነበር። ዳኞቹ አልተቀበሉትም፤ ሰዎች ውኃ ላይ እንዲጠነቀቁ ብሎ ስለ ኀዘን ጥቂት መናገር ኀዘኑን ሁሉ ለገበያ ማውጣት አይደለም። ፍርዱ የጋዜጠኞችን እጅ ያስራል ብለው የሰጉ ነበሩ፤ ስጋታቸው ከንቱ አልነበረም፤ ገንዘብ ያለው ሁሉ በዚህ በር ሊሸሸግ ይችላልና። በዚህ ጉዳይ ግን ከእርሷ ጋር እቆማለሁ። አድናቂ ካሴቱን ገዛ እንጂ ሴትዮዋን አልገዛም።

በ2018 ደግሞ፣ የሚሊዮኖች የግል መረጃ ለፖለቲካ ሥራ መዋሉ በተጋለጠ ሰሞን፣ ሎሪና የፌስቡክ ገጿን እንደምትዘጋ አስታወቀች። ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ተከታይ ነበራት። የመርሕ ሰውነቷን አደንቃለሁ። ግን እዚህ ላይ ሙሉ በሙሉ አልስማማም። እነዚያ ሰዎች እርሷን ብቻ አይደለም ሲከተሉ የነበሩት፤ እርስ በርሳቸው ተዋውቀዋል፤ ከብራዚል ያለው ከጀርመን ካለው ጋር ስለ አንድ ዜማ ሲከራከር ኖሯል። በእኛ ሰፈር ዕድር ሲፈርስ የሚፈርሰው ድንኳኑ ብቻ አይደለም። በእርግጥ መሬቱ የሌላ ሰው ነበር፤ ባለ መሬቱም ባሕርዩ ታውቋል። የአድናቂ ማኅበረሰብ ካርታው በማን ስም መሆን እንዳለበት ግን የእርሷ ኩባንያም፣ የእኔ መዝገብም መልስ የላቸውም።

በ2018 «ሎስት ሶልስ» የተሰኘው አልበሟ ወጥቷል፤ በ2022 ደግሞ በስትራትፎርድ ቤተ ክርስቲያን የተቀረጸ የገና ሰሞን ዜማና ንባብ ተከትሏል። ልቤን የወሰደው ግን በመጋቢት 2024 የወጣው «ዘ ሮድ ባክ ሆም» ነው። ከ14 ሚሊዮን በላይ አልበም የሸጠች ሴት በ2023 ክረምት ከራሷ ከተማ አካባቢ ያገኘቻቸውን የባሕል ሙዚቃ ተጫዋቾች ይዛ በኦንታሪዮ ትንንሽ ፌስቲቫሎች ላይ ወጣች። የተጫወቱት በአብዛኛው በወጣትነቷ ዊኒፔግ ሳለች የለመደቻቸውን ዘፈኖች ነው። አዳራሽ የለም፣ የምሥራቅ መሣሪያ የለም፤ ቫዮሊን፣ ዋሽንት፣ አኮርዲዮን፣ ሃርፕ። ድምፅዋ እንደ ዱሮው ሽቅብ አይመዘዝም፤ ጭብጨባውም የጥቂት ሰው ጭብጨባ ነው። ከቀደሙት ሥራዎቿ ጋር ቢመዘን ቀላል ሥራ ነው። ሰሞኑን ከሥራ ስወጣ ታክሲ እስኪመጣ የማዳምጠው እርሱን ነው።