ሕክምና የመንግሥት ይሁን ወይስ የግል?

በክርክር ማኅበራችን ይህ ጥያቄ በተነሣ ጊዜ ሁሉ ጭብጨባው ወደ ግል ሕክምና ደጋፊዎች ሲያደላ እንመለከታለን። ምክንያቱም ግልጽ ነው። የመንግሥት ሆስፒታልን ሰልፍ የማያውቅ ከመካከላችን የለም፤ በግል ሐኪም ቤት ግን ዘበኛው እንኳ «ይግቡ» ብሎ ይቀበላል። እኔ በበኩሌ ጭብጨባው ቢቀርብኝም ከመንግሥት ወገን ቆሜ ለመከራከር እወዳለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ ሕክምና እንደ ሌላው ሸቀጥ በገበያ የሚገዛ ነገር መሆን አለመሆኑን መመርመር ይገባል። እናቶቻችን ሽንኩርት ሲገዙ አገላብጠው አይተው፣ በዋጋው ተከራክረው፣ ካልተስማማቸው ወደ ሌላው ሻጭ ያልፋሉ። በሽተኛ ግን የሚገዛውን ነገር አያውቀውም። ደሙ ይመርመር፣ ራጅ ይነሣ፣ መርፌ ይወጋ ብሎ የሚያዝዘው ሐኪሙ ነው፤ ገንዘቡም የሚገባው እዚያው ነው። ሐኪሞቻችንን ለመንቀፍ አይደለም፤ ነገር ግን ሻጩም አዛዡም አንድ የሆነበት ገበያ ለገዢው አያመችም። ደግሞስ ምጥ የያዛት ሴት በየደጁ ዋጋ ስትጠይቅ ልትውል ነውን?

በሽታም በአጥር የሚወሰን ነገር አይደለም። የሳንባ ነቀርሳ የያዘው የቀን ሠራተኛ መድኃኒቱን ቢያንስ ለ6 ወር ሳያቋርጥ መውሰድ አለበት፤ በመካከሉ ቢተወው ሕመሙ መድኃኒቱን ይለምድና የማይበገር ይሆናል። ይህ ሰው በየወሩ ክፈል ቢባል፣ ገንዘቡ ባለቀበት ቀን መድኃኒቱንም ያቆማል፤ ሳሉ ግን በታክሲ አጠገቡ ለተቀመጠው ባለጸጋም ይተርፋል። የነቀርሳ ሕክምና፣ የሕፃናት ክትባትና የወሊድ አገልግሎት በመንግሥት ጤና ጣቢያ ያለ ክፍያ የሚሰጡት ያለ ምክንያት አይደለም።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የጤና ፖሊሲ የግል ባለሀብቶችን ካበረታታ ወዲህ በአዲስ አበባና በትልልቅ ከተሞች ብዙ ክሊኒኮች ተከፍተዋል። መልካም ነው። ይሁን እንጂ መኪና በማይደርስበት ቀበሌ ትርፍ ፍለጋ የሚሄድ ማን ነው? እዚያ የደረሱት በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም አንድ ዓመት ሠልጥነው፣ በመንግሥት ደመወዝ ሁለት ሁለት ሆነው የተመደቡት ሴቶች ናቸው። በ1992 ዓ.ም. የተደረገው አገር አቀፍ ጥናት እንደሚያሳየው፣ ከ1000 ሕፃናት 166 አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ቁጥሩ ወደ 67 ወርዷል። ከ100 ወሊዶች መካከል በጤና ተቋም የሚፈጸሙት 5 ብቻ የነበሩት በ2011 ዓ.ም. 48 ደርሰዋል። ይህን ሁሉ እነዚያ ሴቶች ብቻቸውን ሠሩት አልልም፤ የሠራው ነጋዴ ነው የሚል ተከራካሪ ግን እስካሁን አልገጠመኝም።

ስለ መንግሥት ሆስፒታል ግን አፍ ሞልቶ መናገር ያስቸግራል። አያቴ በታመሙ ጊዜ ወደ አንድ የመንግሥት ሆስፒታል ወስደናቸው፣ ካርድ ለማውጣት ገና ሳይነጋ ተሰልፈን፣ ሐኪሙ ፊት የቀረብነው ከቀትር በኋላ ነበር። የካርዱ ዋጋ ጥቂት ነው፤ የታዘዘው መድኃኒት ግን በሆስፒታሉ ስላልነበረ ከውጭ በውድ ዋጋ ገዛን። ከሁሉ ይልቅ ያስገረመኝ የተሰላፊው ዝምታ ነው። ደብዳቤ ጽፎ አቤት የሚል፣ ሕጉን ጠቅሶ የሚሟገት ሰው በዚያ አልታየም፤ እንዲህ ያለው ሰው ቀድሞውኑ ወደ ግል ሐኪም ቤት ሄዷል። እንግዲህ የመንግሥት ሆስፒታል በገንዘብ እጥረት ላይ ጠያቂም ያጣ ነው።

መፍትሔ ይሆናል የምለው የጤና መድን ነው። ማኅበረሰብ አቀፍ የተባለው መድን በ2003 ዓ.ም. በ4 ክልሎች በ13 ወረዳዎች ተሞክሮ ወደ ሌሎችም ተስፋፍቷል። አሠራሩ ከዕድራችን ብዙ አይርቅም፤ ገበሬው በጤናው ጊዜ በዓመት ያዋጣል፣ ሲታመም መታወቂያውን አሳይቶ ይታከማል፣ ለምስኪኑ መንግሥት ይከፍልለታል። ደመወዝተኛውስ? ለእርሱ የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ የወጣው በ2002 ዓ.ም. ነበር፤ ቀጥሎም ሠራተኛው ከደመወዙ ከ100 እጅ 3፣ አሠሪውም 3 እንዲያዋጡ በደንብ ተወሰነ፤ ሥራ ላይ መዋሉ ግን ለብዙ ዓመታት ሲጓተት ቆየ። «ለማልታከምበት ሆስፒታል ለምን ይቆረጥብኛል?» የሚለው ቅሬታ የሚገባኝ ነው፤ መልሱም እንዲታከሙበት ነው።

ስለዚህ የተከበራችሁ መምህሮቻችንና ደመወዝተኛ የሆናችሁ ወላጆች ሆይ፣ ድፍረት አይሁንብኝና የምለምነው ይህ ገንዘብ እንዲቆረጥባችሁ ነው። ከደመወዙ የተቆረጠበት መምህር መድኃኒት የለም ሲባል ለምን ብሎ በጽሑፍ ይጠይቃል፤ ግልባጩንም ለሚመለከተው ሁሉ ያደርጋል። ረቂቁን የሚያዘጋጅ ቢታጣ የክርክር ማኅበራችን አባሎች አለን።