ስለ ሲኒማና ስለ ነውረኛ ሳቅ

ሲኒማ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አዲስ አበባ በገባ ጊዜ ሕዝቡ ሥዕሉ የሚታይበትን ቤት «የሰይጣን ቤት» ብሎ እንደ ሰየመው የታወቀ ነው። ከዚያ ወዲህ መቶ ዓመት አልፎ ቤቱም መሣሪያውም ተለወጠ፤ ስሙ ግን በብዙ ካህናትና በብዙ አባቶች አፍ ሳይለወጥ ቀረ። እኔ የምከራከረው ከዚህ ስም ጋራ ነው። ጥፋቱ የሰይጣን ነው የተባለ እንደ ሆነ፥ ቤቱን የከፈተው ነጋዴ፥ ልጁን ያልጠየቀው አባት፥ ገብቶ የሳቀውም ተመልካች ሁሉም ነጻ ወጥተው ይሄዳሉና።

ነገሩን በወሬ አልናገርም። በ2007 ዓ.ም. በክረምት መግቢያ ለጕዳይ ወደ አምቦ ሄጄ ሳለሁ፥ ዝናብ ቢያስገድደኝ ከአንድ ቪዲዮ ቤት ገባሁ። ዝናብ አስገደደኝ ማለቴ ግን ማመካኛ ነው፤ ዝናቡ ካባራ በኋላም አልወጣሁምና። ቤቱ የቆርቆሮ ነው፤ አግዳሚ ወንበር ተደርድሮበታል፤ መስኮቱ በጆንያ ተሸፍኗል። የሚታየው «ግራንድ ማስቲ» የሚባል የህንድ ኮሜዲያ ነበረ። ይህን ፊልም ኢንድራ ኩማር የተባለ ሰው አዘጋጅቶት በመስከረም 2006 ዓ.ም. በሀገሩ ለተመልካች ወጥቷል። ታሪኩም አጭር ነው፤ ትዳር የሰለቻቸው ሦስት ባሎች ወደ ቀድሞ ኮሌጃቸው በዓል ሄደው ሌሎች ሴቶችን ሲያሳድዱና ሲዋረዱ ያሳያል።

ፊልሙ ሲጀምር አንድ ወረቀት ለጥቂት ጊዜ በመጋረጃው ላይ ታየ። ይህ የህንድ መንግሥት የፊልም መርማሪዎች የሚሰጡት የምስክር ወረቀት ነው። ህንዶች በ1952 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ባወጡት የሲኒማ ሕግ መሠረት ሳይመረመር ለሕዝብ የሚታይ ፊልም የለም፤ ለአዋቂ ብቻ የተፈቀደውም «ኤ» የሚል ፊደል ይደረግበታል። 18 ዓመት ያልሞላው አይግባ ማለት ነው። እኔ ያንን ፊደል ሳነብ ከፊቴ ባለው አግዳሚ ላይ ሰባት ስምንት ልጆች ተቀምጠዋል፤ የሊስትሮ ሣጥናቸውን በጉልበታቸው መካከል ይዘዋል። ትንሹ ዘጠኝ ዓመት ቢሆነው ነው። እንግዲህ ፊልሙን የሠራው ሀገር አጥር አጥሮለት ነበር፤ አጥሩን ያፈረስነው እኛ ነን።

ከዚህ የሚብሰው ገና ነው። የዚህ ኮሜዲያ ሳቅ በቃል ላይ የተመሠረተ ነው፤ አንዱ ቃል ላይ ላዩን ንጹሕ ነገር ይናገራል፥ ውስጡ ነውር ነው። ያም በሂንዲ ነው። በአዳራሹ ውስጥ ሂንዲ የሚያውቅ ማን አለ? ስለዚህ ባለቤቱ አንድ ወጣት አስተርጓሚ አቁሞ ነበር። ወጣቱ አማርኛውንና ኦሮምኛውን እያቀላቀለ በድምፅ ማጉያ ይተረጕማል። እኔ እንደ መሰለኝ ከሂንዲ የሚያውቀው ሰላምታውን ብቻ ነው፤ ተዋናዩ ሁለት ቃል ሲናገር እርሱ ዐሥር ይናገር ነበርና። የተናገረውንም ሁሉ ከራሱ አመነጨው። የህንዱ ነውር ቢያንስ የተሸፈነ ነበር፤ የኛው አስተርጓሚ ሽፋኑን ገፎ፥ በሰፈራችን አጥር ሥር የሚሰማውን ስድብ በተዋናዮቹ አፍ አኖረው። ልጆቹም በሳቅ ፈነዱ፤ ቋንቋው የገዛ ቋንቋቸው ነውና። በማግሥቱ የሰማሁት ካህን ግን «የባዕድ እርኵሰት» ብሎ አስተማረ።

አንድ የቅኔ ዐዋቂ ወዳጄ ይህን ባጫውተው፥ «ሁለት ትርጉም ያለውን ቃል ብትነቅፍ ሰምና ወርቃችንንም ልትነቅፍ ነው» አለኝ። በጨዋታ ነው፤ ሆኖም መልስ ይገባዋል። በቅኔ ሰሙ ተራ ነገር ነው፤ ሰሚው ሲፈታው ወደሚከብደው ወርቅ ይወጣል። በዚህ ኮሜዲያ ሰሙ የእንግዳ አቀባበል ወይም የምግብ ወሬ ነው፤ ሲፈታ ጭቃ ይገኛል፤ ሰሚውም ፈታሁት ብሎ ደስ ይለዋል። ብልሃቱ አንድ ነው፤ መንገዱ ግን አንዱ ዐቀበት፥ ሁለተኛው ቍልቍለት ነው። (በቅኔም ሽሙጥና ስድብ መኖሩን አልክድም፤ ስለዚህ አንመጻደቅ።)

የህንድ ፊልም በሞላው የረከሰ ነው የሚሉትን ደግሞ አልቀበልም። መሕቡብ ኻን በ1957 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ያወጣውን «ማዘር ኢንዲያ»ን ያየ ሰው፥ የመንደሯን ልጅ ክብር ለመጠበቅ ስትል ሙሽራ የጠለፈውን የገዛ ልጇን በጥይት የመታችውን እናት አይረሳም። ሳቅም ቢሆን ኀጢአት አይደለም። የመጀመሪያው የአማርኛ ቴአትር ራሱ ኮሜዲያ ነው፤ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጻፉት «ፋቡላ፥ የአውሬዎች ኮሜዲያ» በእንስሳት ተረት ተሸፍኖ የመንግሥትን ሥራ ስለ ነቀፈ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። ሰሙ አውሬ፥ ወርቁ ፍትሕ ነበረ። በአምቦ አቅራቢያ በቦዳ የተወለደው ጸጋዬ ገብረ መድኅንም ቴአትር መጻፍ የጀመረው ገና በአምቦ ተማሪ ሳለ ነው። አንድ አምቦ ጸጋዬንም ያንን የቆርቆሮ ቤትም አፈራች።

ካህናት አባቶቼ ሆይ፥ ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅን ተመልከቱ። በቁስጥንጥንያ በ399 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ሕዝቡ በዓርብ ቀን ወደ ፈረስ እሽቅድምድም፥ ከዚያም ወደ ቴአትር በሄደ ጊዜ የገሠጸው በፊቱ የቆመውን የራሱን ጉባኤ ነው፤ ዳግመኛ የሚሄደውንም ከቅዱስ ምሥጢር እንደሚከለክል ነገረው። በውጭ ያለውን ቤት መርገም ቀላል ነው። ከቅዳሴ በኋላ የቤቱን ባለቤት፥ እርሱም ቍርባን የሚቀበል ክርስቲያን ሲሆን፥ ለይቶ ጠርቶ «ወንድሜ፥ ሕፃናቱን ለምን ታስገባለህ?» ያለ ካህን ግን እስካሁን አልሰማሁም።

ያ ቤት አሁን ተዘግቷል፤ ልጆቹም አድገዋል። ፊልሙ በስልክ ውስጥ ገብቶ በየኪሱ ይዞራል፤ በረኛም የለውም። የያኔው ቤት ግን በር ነበረው፤ በረኛም ነበረው፤ ስለዚህ ያኔ ያልተጠየቀው ሰው ያሳዝነኛል።

ጠየቅሁት እንኳ። ፊልሙ ካለቀ በኋላ ወደ ባለቤቱ ቀርቤ፥ «ጌታዬ፥ ይህ ለአዋቂ ነው ተብሎ ተጽፎበታል፤ ልጆቹን ለምን አስገቡ?» አልሁት። ተቈጥቶ ይመልስልኛል ብዬ ነበር፤ አልተቈጣም። «ልጆቹን ባስወጣ አግዳሚው ባዶ ይሆናል፤ አዋቂ ሰው አፍሮ አይገባም፤ ዛሬ ከአዋቂ የገቡት እርስዎና ሁለት ሰዎች ናቸው» አለኝ። ሌላ የምለው ነበረኝ፤ ነገር ግን እስከ መጨረሻው ተቀምጬ ስስቅ አይቶኝ ነበርና ዝም ብዬ ወጣሁ።