በመኪና አድሮ ለሚማር ወጣት

በአሜሪካን አገር ትምህርት ቤቶች በሚከፈቱበት ወራት አንዳንዱ ተማሪ ሻንጣውን ይዞ ወደ መኝታ ቤቱ ሲገባ፥ አንዳንዱ ደግሞ የመኪናውን የኋላ ወንበር አጥፎ ፍራሹን ያነጥፋል። «ኤስ ዩ ቪ» የሚባለው ከፍ ያለ መኪና የኋላ ወንበሩ ሲታጠፍ እንደ መደብ ስለሚሆን ለዚህ ጉዳይ ይመረጣል። ይህን የሚያደርገው ሁሉ ሰነፍ ወይም ወሮበላ ነው ብሎ ማሰብ ግን ስሕተት ነው። የካሊፎርንያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በ2018 ዓ.ም. ባወጣው ጥናት (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፥ ከተማሪዎቹ ከመቶ 10.9 የሚሆኑት ባለፉት 12 ወራት ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ ማደሪያ አጥተው እንደ ነበር ገልጠዋል። ሁሉም በመኪና አደሩ ማለት አይደለም፤ ከጓደኛ ቤት ወደ ጓደኛ ቤት ሲንከራተት የከረመም አለ። ነገር ግን መኪና ያለው ሰው ቤት ሲያጣ ወዴት እንደሚጠጋ መገመት አያስቸግርም።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ ነው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። እኛ እንዲህ አይመስለንም። ከወንድሞቻችንና ከእኅቶቻችን መካከል በነፃ ትምህርት ዕድል፥ በዲቪ ዕጣ፥ ወይም ወላጆቻቸውን ተከትለው ወደዚያ አገር የሄዱ ብዙዎች ናቸው። የቤት ኪራዩ ውድነት ለአገሬውም ለእንግዳውም እኩል ነው። ስለዚህ እንዲህ ላለው ኑሮ እንዴት መዘጋጀት እንደሚገባ በግልጥ መነጋገር ነውር የለበትም እንላለን።

በእርግጥ ወዶ እንዲህ የኖረ ሰውም አለ። ኬን ኢልጉናስ የተባለ አሜሪካዊ በ2009 ዓ.ም. በሰሜን ካሮላይና በሚገኘው በዱክ ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን ሲቀጥል፥ ዳግመኛ ዕዳ ውስጥ ላለመግባት ብሎ በ1994 የተሠራ የፎርድ ቫን በ1,500 ዶላር ገዝቶ ቤቱ አደረገው። በዚያው እያደረ ትምህርቱን ያለ ዕዳ ፈጸመ፤ ታሪኩንም በ2013 ዓ.ም. በመጽሐፍ አሳተመው። ይህን የሰማ ወጣት ልቡ ቢነሣሣ አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ ወደው የያዙት ችግርና ተገደው የገቡበት ችግር አንድ አይደሉም። የወደደው ሰው በቃኝ ሲል ይተወዋል፤ የተገደደው ግን መውጫውን አስቀድሞ ካላሰበ አንዱ ወር ሌላውን እየሳበ ዓመት ይሞላዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ዝግጅት «እስከ መቼ?» የሚለውን ጥያቄ መመለስ ነው። የሚወጣበትን ቀን በማስታወሻው ጽፎ፥ ለኪራይ መያዣ የሚሆነውን ገንዘብ በየወሩ ማስቀመጥ የጀመረ ተማሪ ከሌላው ይሻላል።

ሁለተኛው የመኪናው ነገር ነው። ከመግዛት በፊት ወንበሩን አጥፎ፥ በቁመት ተጋድሞ መለካት ያስፈልጋል፤ ጉልበቱን አቅፎ ያደረ ሰው በማግሥቱ በፈተና ላይ ምን እንደሚሆን የታወቀ ነው። የሞተሩም ጤንነት ከመልኩ ይበልጣል። መኪናው ጋራዥ በገባ ቀን ተማሪው መጓጓዣውንና ቤቱን ባንድነት ያጣልና፥ ለጥገና የሚሆን ገንዘብ ለብቻው መቀመጥ አለበት። መስኮቶቹን በመጋረጃ መሸፈን ደግ ነው፤ ነገር ግን የሌሊት ትንፋሽ መስተዋቱን ስለሚያረጥብና ልብስ ስለሚያሻግት፥ ከሁለት ወገን ጥቂት ከፍቶ መተው ይገባል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራው ብርድን ለማባረር ሲባል የሚደረገው ነው። በሞተር ጭስ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የሌለው መርዝ ነው። በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ወይም የጭስ ማውጫው በበረዶ በተደፈነ ጊዜ ሞተር አስነሥቶ መተኛት ለሞት ያደርሳል። በመኪና ውስጥ ከሰል ማቀጣጠልም፥ የጋዝ ምድጃ መለኮስም እንዲሁ ነው። በአገራችን በክረምት የከሰል ምድጃ አስገብተው፥ በር ዘግተው በተኙ ሰዎች ላይ የሚደርሰውን የሚያውቅ ሰው ይህን ምክር አይንቀውም። ወፍራም ብርድ ልብስና የሱፍ ካልሲ ይሻላሉ።

ሦስተኛው ሕጉን ማወቅ ነው። የአሜሪካን ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2024 ዓ.ም. በሰኔ ወር፥ በኦሬገን ክፍለ ግዛት ባለችው በግራንትስ ፓስ ከተማ ጉዳይ በሰጠው ፍርድ፥ ከተሞች በሕዝብ ቦታ ሰፍረው የሚያድሩትን ሰዎች ሊቀጡ እንደሚችሉ ወስኗል። ስለዚህ በአንዱ ከተማ የተፈቀደው በሌላው ሊያስቀጣ ይችላልና፥ የየቦታውን ደንብ አስቀድሞ መጠየቅ ግድ ነው። በብዙ ክፍለ ግዛቶችም ጠጥቶ ከመሪው ፊት፥ ቁልፉን ይዞ የተገኘ ሰው መኪናው ባይንቀሳቀስም እንደ ሰካራም ነጂ ሊከሰስ ይችላል። በተማሪ ቪዛ የሄደ ወጣት ደግሞ አድራሻውን በለወጠ በ10 ቀን ውስጥ ለትምህርት ቤቱ ማስታወቅ ግዴታው ነው፤ ትምህርት በሚሰጥበትም ወራት በግቢው ውስጥ በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ እንዲሠራ አይፈቀድለትም። የዜግነት ወይም የቋሚ ነዋሪነት ወረቀት ያለው እንደሆነ ግን ሌላ በር አለው። ከወላጆቹ ተለይቶ ያለ ቤት የሚኖር ወጣት የመንግሥት የትምህርት ርዳታ ሲለምን፥ የወላጆቹን ገቢ ሳያቀርብ ጉዳዩ እንዲታይለት ሕግ ይፈቅዳል፤ በመኪና የሚያድረውም ቤት እንደሌለው ይቆጠራል። ይሁን እንጂ ይህን መብት የሚያገኘው ችግሩን የተናገረ ብቻ ነው።

ዋናው ነገራችንም ይህ ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። አባቶቻችን ለትምህርት ከአገር አገር ሲዞሩ፥ ደበሎ ለብሰው፥ አኩፋዳ አንግተው፥ በደብሩ አጠገብ በቀለሷት ጎጆ ያድሩ ነበር። ያቺ ጎጆ ከዛሬው መኪና ብዙም አትሰፋም። ውሻ ያሯሩጣቸው ነበር፤ ረኀብንም ያውቁት ነበር። ነገር ግን ተማሪ መሆናቸውን መንደሩ ሁሉ ያውቃል። «በእንተ ስማ ለማርያም» ብለው በደጅ ሲቆሙ ባልቴቷ ቁራሽ ይዛ ትወጣለች፤ ቢታመሙ ባልንጀራቸው ውሃ ያቀርብላቸዋል፤ ከጉባኤ ቢቀሩ የኔታ «ያ ልጅ ወዴት ሄደ?» ብለው ይጠይቃሉ።

በመኪና የሚያድረው ተማሪ ግን ከብርዱ ይልቅ የሚፈራው መታወቅን ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ሲዘጋ «ወደ ቤት ልሂድ» ብሎ ከጓደኞቹ ይሰናበታል፤ ከዚያም መብራት የማይበዛበትን መንገድ ይፈልጋል። እናቱ ከአዲስ አበባ ደውላ «ቤቱ ይሞቃል ወይ?» ብትለው «አዎ፥ ይሞቃል» ይላታል። ሦስት ቀን በትኩሳት ቢወድቅ የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው የለም። ድኅነት ብቻውን ትምህርትን አላጠፋም፤ የቆሎ ተማሪው ምስክር ነው። ሰውን የሚጎዳው ከድኅነቱ ጋራ ብቻውን መቅረቱ ነው።

ስለዚህ ከፍራሹም ከመጋረጃውም በፊት ሁለት ሰዎች ነገሩን ይወቁት እንላለን። አንዱ የታርጋ ቍጥሩንና የሚያድርበትን ቦታ የሚያውቅ፥ ጧት ጧት «እንዴት አደርህ?» የሚል ጓደኛ ይሁን። ሁለተኛው በትምህርት ቤቱ የተማሪዎችን ጉዳይ የሚመለከት ሹም ይሁን። ይህ ለወንዶች ጠቃሚ ከሆነ ለእኅቶቻችንማ እጅግ አስፈላጊ ነው።

ሆኖም ተናገር የሚባለው ተማሪ የሚሰማው ሰው ማግኘት አለበት። በካሊፎርንያ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት በ2019 ዓ.ም. የሁለት ዓመት ኮሌጆች ቤት የሌላቸውን ተማሪዎች በመኪና ማቆሚያቸው እንዲያሳድሩ የሚያስገድድ ሕግ ቀርቦ ነበር፤ ሳይጸድቅ ቀረ። ከሁለት ዓመት በኋላ በ2021 ዓ.ም. ግን የሎንግ ቢች ከተማ ኮሌጅ ያለ ሕግ አስገዳጅነት በራሱ ፈቃድ ጀመረው። ተማሪዎቹ ጠባቂ ባለበት ማቆሚያ እንዲያድሩ፥ መታጠቢያ ቤትና ኢንተርኔትም እንዲያገኙ አደረገ። «የመኪና ማቆሚያ ቤት አይደለም፤ ሰውን በመኪና ማሳደርን ልማድ ማድረግ አይገባም» የሚሉ አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ቤት አይደለም። ነገር ግን ቤቱ እስኪሠራ ድረስ ተማሪው ዛሬ ማታ የሚያድርበት ቦታ ያስፈልገዋል። የተጠበቀ በርና የሞቀ ውሃ ለዛሬው ሌሊት መልስ ነው።

በዚህ ገጽ ከሚያነቡን መካከል በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ ወንበር የያዙ ወጣት ሹማምንት አሉ። እኛ ለትምህርት ዘመናችን ሁሉ የዶርም አልጋችንን እንደ ዋዛ ቆጥረነው ያለፍን ነን፤ ዋጋውን ያወቅነው የሌላቸውን ካሰብን በኋላ ነው። ዓይኑ የቀላ፥ ልብሱ የተጨማደደ፥ ነጥቡ የወረደበት ተማሪ ወደ ጠረጴዛችሁ በቀረበ ጊዜ፥ «ለምን አላጠናህም?» ከማለታችሁ በፊት «የት አደርህ?» ብላችሁ ጠይቁት። በውጭ አገር የምትኖሩ ወገኖቻችንም በእሑድ ከቤተ ክርስቲያን ወይም በዓርብ ከመስጊድ ስትወጡ፥ ብቻውን ወደ መኪናው የሚመለሰውን ወጣት ወደ ማዕዳችሁ ጥሩት። ምናልባት የሚሄድበት ቤት መኪናው ይሆናል።