«ጎማ ፈንድቶ ነው» ማንን ነፃ ያወጣል?

የትራፊክ አደጋ ዜና አንድ የማይሰለቸው ዓረፍተ ነገር አለ፤ «ተሽከርካሪው ጎማው ፈንድቶ በመገልበጡ...»። ከዚያ የሟችና የቁስለኛ ቁጥር ይነበባል፣ «አሽከርካሪዎች ጥንቃቄ ያድርጉ» ይባላል፣ ፋይሉ ይዘጋል። ጎማው እንደ መብረቅ ከሰማይ የወረደ ይመስል «ለምን ፈነዳ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ጎማ ስለት ካልቆረጠው ወይም ጉድጓድ ካልሰበረው በቀር ድንገት አይፈነዳም። ፍንዳታው የሚጀምረው ከሳምንታት በፊት ነው። ነፋሱ የጎደለ ጎማ በዞረ ቁጥር ጎኑ ይተጣጠፋል፤ መተጣጠፉ ሙቀት ይፈጥራል፤ ሙቀቱ ላስቲኩን ከውስጡ ሽቦና ክር ጋር ያያዘውን ትስስር ያላላል። ትርፍ ጭነትና ፍጥነት ሲታከልበት ያበቃለታል።

የጅቡቲን መንገድ ውሰዱ። መኪናው ከአዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ተነስቶ አዋሽ ሲደርስ 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ከፊቱ የአፋር ሐሩር አለ። በጠዋት ብርድ የተሞላ ጎማ ቀትር ላይ ሲለካ ነፋሱ ጨምሮ ይገኛል። ይህ የሚጠበቅ ነው፤ ልኩ የሚወሰነው ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ ሲሆን የሙቀቱ ጭማሪም ታስቦበታል። «ሊፈነዳ ነው» ብሎ የሚያስተነፍስ ሹፌር ግን ጎማውን ከልኩ በታች ያወርደዋል፣ የባሰም እንዲግል ያደርገዋል። ከፍንዳታ ሲሸሽ ወደ ፍንዳታ ነው የሚነዳው።

ነገሩ የእውቀት ጉድለት ብቻ ቢሆን ሥልጠና በፈታው ነበር። የብዙ ሚኒባስና የጭነት መኪና ሹፌር ግን ተቀጣሪ ነው። የቀን ገቢ ማስገባት አለበት፤ ጎማ የሚገዛው ባለንብረቱ ነው። የሚገዛው ሰው አይሳፈርበትም፣ የሚነዳው ሰው አይገዛውም። ሁለቱም «ትንሽ ይሂድ» ይላሉ፤ በመሐል ያለው ተሳፋሪ አስተያየት አልተጠየቀም። አደጋው ሲደርስ የሚታሰረው ሹፌሩ ነው፣ በሕይወት ከተረፈ።

«ጎማ በዚህ ዋጋ ከየት መጥቶ ይቀየር?» የሚለው ጥያቄ ቀላል አይደለም። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ምን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ግን የተወደደ ዕቃ ይበልጥ ይጠበቃል እንጂ አይጣልም። ነፋሱ የጎደለ ጎማ ግራና ቀኝ ዳሩ፣ የበዛበት መሐሉ፣ አላይመንቱ የተዛባ ደግሞ በአንድ ወገን ተበልቶ ያልቃል። ልኩ ብዙ ጊዜ በሹፌሩ በር በኩል ተለጥፏል። ጎማው ጎን ላይ የታተመው ትልቅ ቁጥር ጣሪያው ነው፤ ስንት ጎሚስታ እሱን አይቶ፣ ወይም ጨርሶ ሳያይ፣ ለቪትዙም ለዶልፊኑም እኩል ይሞላል! ወያላው በእግሩ መታ መታ አድርጎ «ደህና ነው» ማለቱም መለኪያ ሆኖ ቀርቷል። የኤሌክትሪክ መኪና የገዙትም አይዘናጉ፤ ባትሪው ከባድ ስለሆነ ጎማ ቶሎ ይበላል።

ዓመታዊ ምርመራውስ? ቦሎ የሚለጠፈው በዓመት አንዴ ነው። ለዚያች ቀን ደህና ጎማ ተውሶ አልፎ በማግስቱ ልሙጡን መልሶ መግጠም የሚያዳግት አይደለም። መንገድ ላይ የሚያስቆመው ትራፊክ መንጃ ፈቃድ ከሚያገላብጥ ጎንበስ ብሎ ጎማ ቢያይ ይሻላል። በጥርሶቹ መሐል፣ ከቦዩ ሥር፣ አምራቹ ያበጃቸው ትንንሽ ጉብታዎች አሉ። ጥርሱ ከእነሱ ጋር እኩል ከሆነ የቀረው 1.6 ሚሊ ሜትር ነው፤ የአውሮፓ ኅብረት ለቤት አውቶሞቢል ከዚህ በታች አይፈቅድም። በክረምት ዝናብ ደግሞ ጥርስ የሌለው ጎማ ውኃውን ማስወጣት አቅቶት ላዩ ላይ ይንሳፈፋል።

ጥርሱ ሙሉ የሆነም ሁሉ አዲስ አይደለም። በጎኑ ላይ ዲ.ኦ.ቲ ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አኃዞች አሉ። «2314» ማለት በፈረንጆቹ 2014 በ23ኛው ሳምንት ተመረተ ማለት ነው። ብዙ አምራቾች ከ10 ዓመት በላይ የሆነ ጎማ ምንም ያህል ደህና ቢመስል ይውጣ ይላሉ፤ ላስቲክ ቆሞም ያረጃል።

እንግዲህ የአደጋ ሪፖርቱ «ጎማ ፈንድቶ» ካለ በኋላ ሦስት መስመር ይጨምር፦ የጎማው ዕድሜ፣ የጥርሱ ጥልቀት፣ መኪናው የጫነው መጠን። ባለንብረቱም ከሹፌሩ እኩል ተጠርቶ ይጠየቅ። አራቱን አኃዞች ለማንበብ ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ ጭቃውን በጨርቅ መጥረግ ይበቃል።